ቃሪያ ከመስኮታችን፣ ማዕድ ለዒድ እንግዶቻችን



ከዒድ ማግስት ጀምሮ ባሉት ሦስት አራት ቀናት ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ያውቃል። የጨጓራ ማስታገሻ፣ የቃር መድኃኒት፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት። ምን እንደበሉ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጨጓራ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ቤት ሄጄ እንዴት እምቢ ልበል?» እንግዳው በይሉኝታ ይበላል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ «በአላህ፣ ይቺን ብቻ!» እያለች በፍቅር ታጎርሳለች። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ይሁን እንጂ እንግዳን ማክበር ኢማን ካለው ሰው የሚጠበቅ መሆኑን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርን ሰዎች ስለሆንን፣ ክብሩ እንግዳው ከቤታችን ከወጣ በኋላ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ማሰብንም ሊጨምር ይገባል።

ስለዚህ በዚህ ወር ሁለት የተያያዙ ነገሮችን እናያለን። አንደኛው ቃሪያና ሚጥሚጣን በቤታችን ውስጥ፣ በመስኮት ሥር እንዴት እንደምናሳድግ ነው። ሁለተኛው የሚያቃጥል የሚወድም፣ መድኃኒት የሚወስድም እንግዳ ከአንድ ማዕድ ያለ ሐሳብ እንዲበሉ የአረፋን ምግብ እንዴት እንደምናዘጋጅ ነው።

የራሳችን ቢኖረን ምን እናተርፋለን?

በገበያ የምናገኘው የተፈጨ በርበሬና ሚጥሚጣ ሦስት ነገሮችን ይሰውርብናል። የመጀመሪያው ሻጋታ ነው። ዛላው መሬት ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ወይም እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሳ ተብሎ ውሃ ሲረጭበት ይሻግታል። ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ ቢ) ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይበረታል። ብዙ እናቶች «እሳት ሁሉንም ይገድላል» ይላሉ። ሻጋታውን ይገድለው ይሆናል፤ መርዙ ግን በማመስም ሆነ በወጥ መፍላት አይጠፋም። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ የሻገተውን ከጤነኛው መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ባዕድ ነገር ነው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2005 በእንግሊዝ አገር ሱዳን አንድ በተባለ የኢንዱስትሪ ማቅለሚያ የተበከለ የበርበሬ ዱቄት በመገኘቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከሱቅ መደርደሪያ እንዲነሱ ተደርጓል። ሦስተኛው ማንም ልብ የማይለው ጨው ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሚጥሚጣና በርበሬ አብዛኛውን ጊዜ ጨው አብሮት ተፈጭቷል። በላዩ ላይ ለወጡ የምንጨምረው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃል ይላል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው።

የዓመት በርበሬያችን በሙሉ ከመስኮት ሥር ይወጣል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ለዚያ የማረቆ ወይም የሃላባ ዛላ ገዝቶ፣ አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ያለበትንና ሲወዘወዝ ፍሬው የማይንሿሿውን እርጥብ ዛላ አውጥቶ መጣል ነው የሚሻለው። መስኮታችን የሚሰጠን የማዕዱን ትኩስ ቃሪያና የአንድ ቤተሰብ ሚጥሚጣ ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

በረጀብ ዝሩት

ቃሪያ ከዘር እስከ ቀይ ፍሬ አራት ወር ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ በብርድ አገር አምስት ወር ይሞላዋል። በእኛ የወር አቆጣጠር ረጀብ ላይ የተዘራ ዘር ሻዕባንን፣ ረመዳንን፣ ሸዋልንና ዙልቃዕዳን አሳልፎ ለዙልሒጃ፣ ማለትም ለአረፋ ይደርሳል። የሒጅራ ዓመት በየዓመቱ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ረጀብ አንዳንዴ በጋ፣ አንዳንዴ ክረምት ላይ ይውላል። በመስክ ቢሆን ይህ ችግር በሆነ ነበር። ቤት ውስጥ ግን ዋናው ነገር ሙቀትና ብርሃን ስለሆነ አያስቸግርም።

ዘሩን ከደረሰ ቀይ ፍሬ ውሰዱ። ከአረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር ያልበሰለ ስለሆነ አብዛኛው አይበቅልም፤ የታመሰ ዛላም እንደዚሁ ሞቷል። ለቤት ውስጥ ከሁሉም የምመርጠው ሚጥሚጣን ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፣ ትንሽ ዕቃም ይበቃዋል። እንደ ማረቆ ፋና ያሉት ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ዝርያዎች ለእርሻ የተዘጋጁ ናቸው፤ በዕቃ ይበቅላሉ እንጂ ብዙ ፍሬ አትጠብቁባቸው።

ዘሩን ለብ ባለ ውሃ አሳድሩና አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ዝሩት። የእርጎ ኩባያ ወይም የተቆረጠ የውሃ ላስቲክ ይበቃል፤ ብቻ ሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ባሉ ከተሞች የሌሊቱ ብርድ ስለሚያዘገየው ኩባያውን በስስ ላስቲክ ሸፍናችሁ ማቀዝቀዣ ላይ ወይም ከምድጃው ራቅ ብሎ ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጡት። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ልክ ብቅ ሲል ላስቲኩን አንሡና ወደ ብርሃን አውጡት፤ አለበለዚያ ቀጥኖ ይወድቃል።

ከአራት እስከ ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ወደ ትልቅ ዕቃ አዛውሩት። አፉ የተቆረጠ የአምስት ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ለሚጥሚጣ ጥሩ ነው፤ ለቃሪያና ለበርበሬ አሥር ሊትር ያስፈልጋል። የቀለም፣ የሞተር ዘይት ወይም የፀረ ተባይ ዕቃ ግን ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። አፈሩን ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርጉት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፣ ጀርምም ይዞ ወደ ቤት ይገባል።

ቀኑን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ምረጡ፤ በየሳምንቱም ዕቃውን ትንሽ አዙሩት። ሌሊት ከመስታወቱ ራቅ አድርጉት፤ ብርድ ሲያገኘው አበባውን ያረግፋልና። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ሰድዳችሁ ላይኛው ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲደርቅ ብቻ አጠጡት። ቤት ውስጥ የሚበቅል ቃሪያን የሚገድለው ከጥማት ይልቅ የውሃ ብዛት ነው፤ በተለይ ልጆች ሁሉም በየተራ ሲያጠጡት! አበባ ሲያወጣ ንብ ስለማይጎበኘው ረፋድ ላይ ግንዱን በጣት ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይበቃዋል፤ አበባው ወንዴና ሴቴውን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያፈራል።

ክሽክሽ ከወጣበት ቅጠሉን ከሥር በኩል በውሃ እጠቡት፤ ካልለቀቀ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ እርጩበት፣ በኋላም አለቅልቁት። ማላታዮንና የመሳሰሉትን የእርሻ መድኃኒቶች ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ መርጨት ፈጽሞ የማይታሰብ ነው። ሙስሊም ከተከለው ሰውም ወፍም የበላለት ሁሉ ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ መጥቷል፤ መርዝ ተረጭቶበት ግን ማንን ልናበላው ነው?

ቃሪያ የነካ እጅና ውዱእ

የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ብዙ ሰው ፍሬው ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ በብዛት የሚገኘው ግን ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ሥጋና ጅማት ላይ ነው። በውሃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል። እዚህ ላይ አንድ የእኛን ቤት የሚመለከት ነገር አለ። አሥር ቃሪያ ከትፋችሁ እጃችሁን በውሃ ብቻ ተለቃልቃችሁ አዛን ሲሰማ ውዱእ ብታደርጉ አፍ፣ አፍንጫና ዓይን በአንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። ቢቻል ጓንት አድርጉ። ካልሆነ እጃችሁን መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሹት፣ ከዚያ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ። ዘይቱ በሳሙናው ስለሚለቅ ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ይከለክላል የሚል ስጋት አይግባችሁ። የምታጠባ እናትም ሕፃኑን ከመንካቷ በፊት እንዲሁ ታድርግ።

ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ ለ15 ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። አፍ ሲቃጠል ደግሞ ውሃ መጠጣት ብዙም አይረዳም፤ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል፣ በወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ያነሣዋልና።

ሚጥሚጣ ስታምሱ መስኮት ክፈቱ፤ አስም ያለበት ልጅ ከቤት ይውጣ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ወይም ካፕቶፕሪል የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ከመድኃኒቱ የተነሣ ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል፤ እነዚህ ሰዎች በበርበሬ ጢስ ከሌላው ይበልጥ ሊያስሉ ይችላሉ። አባታችሁ እንዲህ እያሳሉ ከከረሙ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ምትክ መድኃኒት አለ። በራሳቸው ፈቃድ ግን አያቋርጡት።

ቃሪያ ጨጓራን ያቆስላል?

ይህ ጥያቄ በፋርማሲም በመስጂድም ግቢ ይጠየቃል። መልሱ አጭር ነው፤ የጨጓራ ቁስለትን የሚያመጣው በአብዛኛው ቃሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ፤ ለቁስለት ዋናው መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸውም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሌላው ዋና መንስኤ እኛው ከፋርማሲ የምንሸጣቸው እንደ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በዓል ሲደርስ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ቆመው ሲሠሩ ውለው ለወገብ ሕመም በባዶ ሆድ ዳይክሎፌናክ ይውጣሉ፤ በማግስቱም «ቃሪያው ነው» ይላሉ።

ይህ ማለት ግን ቃሪያ ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም። ካፕሳይሲን በነርቮቻችን ላይ ያለውን፣ ቃጠሎና ትኩሳትን የሚለየውን ተቀባይ ይቀሰቅሳል። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስ ይህን ተቀባይ በራሱ በካፕሳይሲን አማካይነት በማግኘቱ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሊቃውንት አንዱ ሆኗል። ቁስል ባይፈጥርም፣ ቀድሞ የቆሰለ ጨጓራ፣ ቃር የሚያስቸግረው ጉሮሮ፣ ወይም የተሰነጠቀ ፊንጢጣ ያለበት ሰው ሲበላው ስቃዩ እውነተኛ ነው። «ቁስሉን አያመጣም» የሚለውን ይዞ የታመመን ሰው ማስገደድ አይገባም። ለባክቴሪያው የታዘዘ መድኃኒት የጀመረም በበዓል ምክንያት አንድም ቀን አይዝለል፤ ኦሜፕራዞልን ምግብ ሊበላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይውሰድ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም ደም ያስመለሰ ሰው ደግሞ ቀኑ ዒድ ቢሆንም ወደ ፋርማሲ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እሳቱ በድስት ሳይሆን በሳህን

አሁን ወደ ማዕዱ እንመለስ። ምክሬ አንድ ነው፤ ድስቱን ለስላሳ አድርጉት፣ የሚያቃጥለውን ለብቻው በትንሽ ሳህን አቅርቡት። ያን ጊዜ የሚወድ ጨምሮ ይበላል፣ የማይችለውም ማንም ሳያውቅበት ይተወዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን እንደማያነውሩ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። እንግዳችንም እንዲሁ የመተው መብት ይኑረው። «ጨጓራ አለብህ እንዴ? ግፊት አለብህ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁት። «ይሄ አልጫ ነው፣ ይሄኛው ዳጣ ነው» ብሎ ለሁሉም መናገር ይበቃል።

ለአሥር ሰው የሚሆን የበግ አልጫ እንዲህ ይሠራል። ሁለት ኪሎ ከነአጥንቱ የሆነ ሥጋ አዘጋጁ፤ ላቱንና ትርፍ ስቡን አንሡ። አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ በትንሽ ዘይት ሳይጠቁር አቁላሉት። የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ እርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። ሥጋውን አስገብታችሁ ካገላበጣችሁ በኋላ ሁለት ሊትር የፈላ ውሃ እያከላችሁ በለሰለሰ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አብስሉት። መረቁን አብዝቶ ጎረቤትን ማሰብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) ያዘዙት ነገር ስለሆነ ውሃ ብትጨምሩ ማንም አይወቅሳችሁም። ጨው ለሙሉው ድስት ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ሊወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ከመስኮታችሁ የለቀማችሁትን አራት ቃሪያ ሳትሰነጥቁ ከነሙሉው ጣል አድርጉ። ያልተሰነጠቀ ቃሪያ ሽታውን ይሰጣል፣ ቃጠሎውን ግን ውስጡ ይዞ ይቀራል። የጨው ማነስ የማይታወቀውም በዚህ ሽታ ነው።

ለዳጣው አሥራ አምስት አረንጓዴ ቃሪያ፣ ግማሽ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ትንሽ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድንብላልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ላይ ፍጩ፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት። ጤና አዳም የሚወድ ይኖራል። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ግን እንዲቀር እመክራለሁ፤ ይህ ተክል በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ይችላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ወደ መስጂድ የሚሄድ ሰው ከሶላት በኋላ ቢበላው ይሻላል።

በዓሉ ላይ ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚበሉ ወንድሞች «ሚጥሚጣው ጀርሙን ይገድለዋል» ይላሉ። አይገድለውም። የከብት ኮሶ በሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ የሚቀመጥ ነው፤ ሚጥሚጣም ሎሚም አይደርስበትም፣ የሚገድለው እሳት ነው። ሰባት ሆናችሁ በሬ ለኡድሒያ ካረዳችሁ ቢያንስ ልጆች ጥሬውን እንዳይቀምሱ አድርጉ።

ክርስቲያን ወዳጆቻችንና ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ የእኛን እርድ ሥጋ እንደማይበሉ እናውቃለን፤ እኛም የእነሱን እንደማንበላው ሁሉ። ጠርቶ ለስላሳ ብቻ ማጠጣት ግን አይበቃም። ሥጋ ባልነካ ቢላዋና ድስት ምስር፣ ጎመንና ስንግ አዘጋጁላቸው። ለስንጉ ቃሪያውን ሰንጥቃችሁ ነጩን ጅማትና ፍሬውን በማንኪያ አውጡ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሙሉበት፤ እንዲህ ሲሆን ልጅ እንኳን ይበላዋል። ጥሬ ስለሚበላም ቫይታሚን ሲው አይጠፋበትም፤ በቃሪያ ውስጥ ያለው መጠን በእኩል ክብደት ሲለካ ከብርቱካን በእጥፍ ይበልጣል። በዓሉ ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በጾማቸው ላይ ከዋለ ቅቤ አታስገቡበት።

የተረፈውን ዳጣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጋችሁ በአንድ ሳምንት ጨርሱት። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ሆኖ ከማቀዝቀዣ ውጪ ሲቆይ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ስለሚችል ጠረጴዛ ላይ አታሳድሩት። ተክሉንም ከአረፋ በኋላ ነቅላችሁ አትጣሉት፤ ቃሪያ ብርድ ካላገኘው ከአንድ ዓመት በላይ ይኖራል። ቅርንጫፉን አንድ ሦስተኛ ያህል ቁረጡ፣ ላይኛውን አፈር ፍቃችሁ አዲስ ብስባሽ ጨምሩበት። ሁለት ሦስት ፍሬ ደግሞ እላዩ ላይ ቀልቶ እስኪጨማደድ ተዉትና ዘሩን በጥላ አድርቃችሁ፣ የዝርያውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ በወረቀት ፖስታ አኑሩ።